ስለ ገመድ ባለቤትና በገመዱ ስለሚነግድ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የባቱ ከተማ፤ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው፤ በሐይቋና በዓሣዋ የታወቀች ናት። በዛሬው ዘመን ግን ስሟን ወደ ውጭ አገር ያወጣው የጽጌረዳ አበባዋ ነው። በከተማይቱ ዳር የተለቀመው አበባ በአይሮፕላን ወደ ሆላንድ ይሄዳል፤ ከፊሉም ዋጋው የሚቈረጠው በዚያ አገር ጨረታ ስለ ሆነ፤ የእርሻው ጸሐፊ የዕለቱን ገበያ በዕለቱ ማወቅ ይኖርበታል። ይህን የሚያደርስለት ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔቱም ከባሕር ማዶ ተነሥቶ፤ ድንበር አቋርጦ፤ በምድር በተቀበረና በምሰሶ በተሰቀለ ቀጭን የብርሃን ገመድ ወደ አገር ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ገመዱን የዘረጋው አንዱ፤ በገመዱ የሚነግደው ሌላው በሆነ ጊዜ፤ የሁለቱ ጥቅም እስከ ምን ድረስ አብሮ ይሄዳል?

ይህ ጥያቄ በአገራችን ለብዙ ዘመን የሚነሣ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ተዘረጋ፤ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመም ወዲህ ሽቦውም ደንበኛውም የአንድ የመንግሥት ድርጅት ሆነው ኖሩ። ነገሩ የተለወጠው በ1148/2011 አዋጅ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በተቋቋመ ጊዜ ነው። ከዚያም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የሳፋሪኮም ማኅበር 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሥራ ጀመረ። በጨረታው ጊዜ ምሰሶ እየተከሉ የሚያከራዩ ሌሎች ኩባንያዎች እንዳይገቡ ተከልክሎ ስለ ነበር፤ አዲሱ ገቢ የራሱን ምሰሶ ከመትከል ወይም ከኢትዮ ቴሌኮም ከመከራየት በቀር እምብዛም ምርጫ አልነበረውም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ገበያ ተቀናቃኞች፤ በአንድ ውል ደግሞ አከራይና ተከራይ ሆኑ።

ባለ መሬትና እኩል አራሽ የሚስማሙት ባለ መሬቱ ራሱ ካላረሰ ነው። ባለ መሬቱ በአጠገቡ የራሱን ማሳ እያረሰ እህሉንም በዚያው ገበያ የሚሸጥ ከሆነ ግን፤ የአራሹ ምርት ማማር ለእርሱ ደስታም ሥጋትም ይሆንበታል። ለኢትዮ ቴሌኮምም ኪራዩ ገቢ ነው፤ ተከራዩ የሚወስድበት ደንበኛ ግን ኪሳራ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከመቶ አሥሩን ድርሻ ለሕዝብ ለሽያጭ ካቀረበ በኋላም ትርፍ የሚጠብቁ ባለ አክሲዮኖች ተጨመሩበት። በዚህ ድርጅቱን መንቀፍ አይገባም፤ ለብዙ ዓመት በመንግሥት ሀብት የዘረጋውን በርካሽ ያከራይ ዘንድ ማንም ሊያስገድደው አይገባምና። ተከራዩም በበኩሉ ኪራዩ በከበደበት መጠን ወደ ራሱ ምሰሶ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ሳፋሪኮምም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ምሰሶዎችን ተክሏል።

ይህ ጠብ በአሜሪካ አስቀድሞ ታይቷል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1995 የቴሌቪዥን ገመድ ባለቤቶች ከገንዘብ አቅራቢዎች ጋራ ሆነው ኤት ሆም የሚባል የኢንተርኔት ኩባንያ አቋቋሙ። ገመዱ የእነርሱ፤ የኢንተርኔቱ ሥራ የኩባንያው፤ የደንበኛው ክፍያም ለሁለቱ የሚከፋፈል ነበረ። ደንበኛው ወደ አራት ሚሊዮን ሲደርስ ባለ ገመዶቹ ሥራውን ለምደው ነበርና፤ ገንዘቡን ለምን እንካፈላለን አሉ። ኩባንያው በ2001 ከሠረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መባቻ ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋራ ስላልተስማማ 850,000 ያህል ደንበኞች በአንድ ሌሊት ኢንተርኔት ተቋረጠባቸው። ከተከራካሪዎቹ ይልቅ የተጐዳው በውሉ ያልፈረመው ደንበኛ ነው።

በእኛ አገር ሦስተኛ ባለ ገመድ መኖሩ መልካም አጋጣሚ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት በትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ጫፍ፤ መብረቅ በሚከላከለው ሽቦ ውስጥ፤ የብርሃን ገመድ አለው። ይህ መሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ለቤተ ሰብ ስለማይሸጥ፤ ተከራዩ ቢበለጽግ ኪራዩ ይበዛለታል እንጂ ደንበኛ አይቀማውም፤ ለሁለቱም ኩባንያዎች ማከራየቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ገመዱ ግን በታላላቆቹ መሥመሮች ብቻ የሚሄድ ነውና፤ ከዚያ ወደ መንደር የሚያደርሰውን የመጨረሻውን መንገድ አይተካም።

ክርክሩ የሚከብደውም በዚሁ በመጨረሻው መንገድ ላይ ነው። በባቱ ከተማ ውስጥ ደንበኛ አለና ሁለት ምሰሶ ጐን ለጐን ቢቆም ሁለቱም ወጪያቸውን ሊመልሱ ይችላሉ። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ለሚኖሩት ለዛይ ሰዎች፤ ጥንታዊ መጻሕፍትን ጠብቆ ላኖረው ለደብረ ጽዮን ገዳምም ቢሆን፤ የሁለት ምሰሶን ወጪ የሚመልስ ገበያ አይገኝም። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ብረት በአንድ ኰረብታ ላይ ሁለት ጊዜ ሲተከል፤ ለሌላው ኰረብታ የሚሆነው ገንዘብ አብሮ ያልቃል።

አዋጁ በፈቃድ ባለቤቶች መካከል የሚነሣውን ክርክር እንዲዳኝ ለባለሥልጣኑ ሥልጣን ሰጥቶታል። ዳኝነቱ የሚረዳው ኪራዩ በተደረገው ወጪና በተገቢ ትርፍ ተመዝኖ፤ ለምሰሶውም ለገመዱም ኪሎ ሜትር እየተለየ ሲቈረጥ፤ ከዚያም ማንም እንዲያነበው ታትሞ ሲወጣ ነው። ባለ ገመዱ ራሱም ከራሱ የሽያጭ ክፍል ያንኑ ኪራይ የተቀበለ ያህል በሒሳብ መዝገቡ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ተከራዩ ተበድሎ እንደ ሆነ ከመዝገቡ ይታያል።