የልብስ ማድረቂያ መኪና በሥራው መካከል ሲቆም

ልብስ ለሰው ከብርድ መጠለያው፤ በሰውም ፊት ክብሩ ነው። ስለዚህ ልብስን አጥቦ ማድረቅ ከቤት ሥራ ሁሉ እንደ ትንሽ ነገር ሊቈጠር አይገባውም። በቆላ ለሚኖር ሰው ይህ ጉዳይ አያሳስበውም፤ ጧት ያሰጣውን ቀትር ላይ ያነሣዋልና። በደጋው አገር ግን፤ ይልቁንም በክረምት ጉም በሚውልበት በጎረቤላ፤ ወፍራም ጋቢ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ የቤት እመቤት ትዕግሥት ይፈተናል።

ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረው በአንኮበር አጠገብ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከበታችዋ ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ብዙ እርጥበት ሊሸከም ስለማይችል፤ ከተሰጣው ልብስ ላይ ውኃውን ቶሎ አይወስድለትም። ልብሱን ወደ ምድጃ ያቀረቡት እንደ ሆነ ይደርቃል፤ ነገር ግን ጢስ ጢስ ይሸታል፤ ጥቀርሻም ያገኘዋል። በዚህ ምክንያት የልብስ ማድረቂያ መኪና በደጋ አገር ላሉ እንግዳ ማረፊያዎችና ሕፃናት ላሉባቸው ቤቶች ትልቅ ረዳት ነው።

ይህ መኪና የአንድ ቀን ፈጠራ አይደለም። በ1892 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፤ ልብስ በምድጃ ሙቀት የሚደርቅበትን መሣሪያ አሳስቦ የባለቤትነት ማረጋገጫ ተቀበለበት። ዛሬ ያለው መኪና ግን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ሆኖ፤ ልብሱን በሚሽከረከር በርሜል እያገላበጠ ሞቃት አየር ያሳልፍበታል። አንዳንዱ እርጥቡን አየር በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ሌላው ውኃውን አቀዝቅዞ በመያዣ ዕቃ ውስጥ ያጠራቅመዋል።

ሥራውም ቀላል አይደለም። 7 ኪሎ የጥጥ ልብስ በመጭመቂያ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ እንኳ 4 ሊትር ያህል ውኃ በውስጡ ይቀራል። ይህን ሁሉ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ልብሱን አስቀድሞ አጥብቆ መጭመቅ ለመኪናውም ለገንዘብም ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ይህ መኪና ሥራውን ጀምሮ ሳይጨርስ ቢቆም ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ወዲያው ቍልፉን ደጋግሞ ይጫናል፤ ወይም በሠራተኛዋ ላይ ይቈጣል። ሁለቱም አይጠቅሙም። መኪናው በመካከል ሲቆም ብዙ ጊዜ ሞተ ማለት አይደለም፤ ራሱንና ቤቱን ከእሳት ለማዳን ሲል የተሠራለት ጠባቂ አስቁሞት ነው እንጂ። ጠባቂውን ማስገደድ ሳይሆን ለምን እንዳስቆመው መጠየቅ ይገባል።

በማስተዋል መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከራሳችን አገር ምሳሌ አለን። በ1964 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሳሉ፤ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ምክንያቱንም ቢመረምሩ፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ተገኘ። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈ ሰው ብዙ ነው፤ አይቶ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በቤታችንም ያለውን ነገር እንዲሁ አይተን እንድንጠይቅ ያሻል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፤ በመኪናው ላይ ያለው መብራት ጠፍቷል ወይስ በርቷል? የሚለው ነው። ጠፍቶ እንደ ሆነ ነገሩ ከመኪናው ሳይሆን ከኤሌክትሪኩ መስመር ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ምጣድ ተጥዶ እንደ ነበረ ይታሰብ። 2,500 ዋት የሚወስድ ማድረቂያ በ220 ቮልት 11 አምፔር ያህል ይስባል፤ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለቱ ባንድ መስመር ሲገናኙ 27 አምፔር ይሆናልና፤ ብሬከሩ ቢወርድ ወይም ቫልቮላው ቢቃጠል የሚያስደንቅ አይደለም። መድኃኒቱም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አለማድረቅ፤ ለመኪናውም የራሱን መስመር ማዘርጋት ነው። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ መቀጠል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ገመዱ ይግላልና።

መብራቱ በርቶ መኪናው ዝም ካለ፤ ቀጥሎ የሚታየው ሙቀቱ ነው። ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ በወንፊቱ ላይ ሲከማች አየሩ መተላለፊያ ያጣል፤ በውስጥም ሙቀት ይበዛል፤ በዚህ ጊዜ ጠባቂው ማሞቂያውን ወይም ሞተሩን ያቆመዋል። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አርፎ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ቢነሣ፤ ምልክቱ ይኸው ነው። ወንፊቱን በየጊዜው ሳይሆን ከእያንዳንዱ ማድረቅ በኋላ ማራገፍ፤ ወደ ውጭ የሚወጣውንም ቱቦ እንዳልታጠፈና እንዳልተዘጋ ማየት ይገባል። በደጋ ላለን ሰዎች ይህ የበለጠ ያስፈልገናል። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ አገር ታስቦ ይሠራል፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ የአንኮበርም አገር ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ያለው የሣሣ አየር የጋለውን ሞተር እንደ ቆላው አየር ፈጥኖ አያቀዘቅዘውም።

ውኃ የሚያጠራቅመው ዓይነት መኪና ከሆነ፤ መያዣው ዕቃ ሞልቶ እንደ ሆነ ይታይ። ሲሞላ መኪናው ውኃው እንዳይፈስ ብሎ ይቆማል፤ አፍስሶ መመለስ ብቻ ይበቃዋል። ይህ ዓይነት መኪና እጅግ በቀዘቀዘ ክፍልም አይመቸውም፤ ስለዚህ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከማሠራት ቀን ማሠራት ይሻላል።

መኪናው ቆሞ ልብሱ ገና እርጥብ ሳለ «ጨርሻለሁ» የሚል ምልክት ቢያሳይ፤ ጥፋቱ የእርጥበት መለኪያው ነው። በበርሜሉ አፍ አጠገብ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ እርጥብ ልብስ ሲነካቸው መኪናው ገና እንዳልደረቀ ያውቃል። የሳሙናና የልብስ ማለስለሻ ቅሪት ሲሸፍናቸው ግን ይታለላል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ጥቂት አቸቶ አድርጎ ብረቶቹን መወልወል ይጠቅማል። አንድና ሁለት ልብስ ብቻ ቢገባም ብረቶቹን ዘወትር ስለማይነካቸው እንዲሁ ይታለላል።

የሞተሩ ድምፅ እየተሰማ በርሜሉ ካልዞረ፤ ወይም በእጅ ሲገፉት ያለ ክብደት ከዞረ፤ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው። በሩም በደንብ ካልተዘጋ፤ ወይም በልብስ ብዛት እየተገፋ ከተከፈተ፤ መኪናው ይቆማል። በርሜሉን እስከ አፉ መሙላት ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ነው።

በውጭ አገር ካሉ ዘመዶች መኪና የሚላክላቸው ሰዎችም አንድ ነገር ይወቁ። በአሜሪካ ለቤት የተሠራው ትልቁ ማድረቂያ በ240 ቮልትና በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ 240ውም ከሁለት የ120 ቮልት መስመሮች የሚገኝ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ የዚያ አገር ሞተር በዚህ አገር ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ይግላልም። ቮልቱን የሚለውጥ ትራንስፎርመር መመላለሻውን አይለውጥም። ስጦታው የፍቅር ሆኖ ሳለ የወጪ ምንጭ እንዳይሆን፤ ከመላኩ በፊት በመኪናው ጀርባ የተጻፈውን ቍጥር ማንበብ ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ልናስጠነቅቅ የምንወደው ስለ እሳት ነው። በመኪናው ውስጥ ሙቀት ሲበዛ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩን የሚቈርጥ ትንሽ የሙቀት ቫልቮላ አለ። አንዳንድ ሰው ይህን አውጥቶ በስፍራው ሽቦ ያገናኝና «ሠራሁት» ይላል። መኪናው በእርግጥ ይነሣል፤ ነገር ግን ዘበኛውን አስሮ በሩን ከፍቶ እንደ ተኛ ሰው መሆን ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ከ2008 እስከ 2010 በፈረንጆች አቈጣጠር የነበረውን ዘመን መርምሮ፤ በየዓመቱ 2,900 ያህል የቤት እሳት ከልብስ ማድረቂያ እንደ ተነሣ፤ ከመቶውም 34 እጅ የሚሆነው መኪናውን ባለማጽዳት እንደ መጣ አስታውቋል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ አለ። መኪናው ሥራውን ሲጨርስ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሙቀቱን አቁሞ ልብሱን በቀዝቃዛ አየር ያገላብጠዋል። በመካከል ከቆመ ግን ይህ ማቀዝቀዝ ይቀርና ልብሱ እንደ ጋለ ተከምሮ ይቀራል። በውስጡ የምግብ ዘይት ወይም ቅባት የነካው ጨርቅ ካለ፤ ክምሩ በራሱ እየሞቀ ሄዶ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ መኪናው እንደ ቆመ ስፒናውን ነቅሎ፤ ልብሱን አውጥቶ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የወጥ ቤት ጨርቅ ዘይት ከነካው መጀመሪያውኑ ወደ መኪናው አይግባ። ከሱፍ የተሠራ ባናና በርኖስም በዚህ ሙቀት ይኰማተራሉና፤ ስስ ነጠላም ይጐዳልና፤ እነዚህን በጥላ ነፋስ ማድረቅ ይሻላል።

በአጭሩ፤ ወንፊቱን ማራገፍ፤ ውኃውን ማፍሰስ፤ በሩንና የልብሱን ብዛት ማየት፤ ብረቶቹን መወልወል፤ ይህ ሁሉ የቤተ ሰብ ሥራ ነው። ክዳኑን ፈትቶ ሞተሩንና የሙቀት ቫልቮላውን መንካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ የተቃጠለ ሽታ ከተሰማም ባለሙያ ሳያየው አይነሣ። የቤት ጌቶችና እመቤቶች ይህን ለሠራተኞቻቸው በትዕግሥት ቢያስተምሩ፤ መኪናው ሲቆም ሠራተኛዋ ደንግጣ ከመደበቅ ይልቅ ፈጥና ታስታውቃለች። ይህም ቤትን ይጠብቃል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ላለው ነገር ሁሉ የሚሆን ምክር ነው።