ኮርድ ለምን ይበተናል? የአልቤርቲ ባስ በፊዚክስና በጆሮ ሚዛን

ፒያኖ መማር የጀመረ ሰው አስቀድሞ ከሚለማመዳቸው ነገሮች አንዱ የግራ እጅ አጀብ ነው። ቀኝ እጅ ዜማውን ሲያወጣ ግራ እጅ አራት ድምፆችን እየደጋገመ ይከተለዋል፦ ዶ–ሶል–ሚ–ሶል፣ ዶ–ሶል–ሚ–ሶል። ተማሪው ጥቂት ቀናት እንደሠራ መሰልቸቱ አይቀርም። ሦስቱን ድምፆች በአንድ ጊዜ መጫን እየተቻለ አንድ በአንድ መበተን ለምን አስፈለገ? ለዚህ ጥያቄ በአብዛኛው የሚሰጠው መልስ «ስለሚያምር ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም በቂ አይደለም። ይህ አጀብ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ለሁለት ችግሮች የተገኘ መፍትሔ ነው፤ አንደኛው ችግር የመሣሪያው ሲሆን ሁለተኛው የራሳችን ጆሮ ነው። ነገሩ ለተጫዋቹም ግድ የሚሰጠው ነው፤ የግራ እጁን ሥራ እንደ ባዶ ቦታ መሙያ የሚቆጥር ተማሪ እንደ መሙያ አድርጎ ይጫወተዋልና።

በቅድሚያ ቃላቱን እናብራራ። በአንድነት የሚሰሙ ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ድምፆች ኮርድ ይባላሉ። በፒያኖ መካከል ላይ የሚገኘው ዶ በሴኮንድ 261.6 ጊዜ፣ ሚ 329.6 ጊዜ፣ ሶል ደግሞ 392 ጊዜ ይርገበገባሉ። በመካከላቸው ያለው ንጽጽር ወደ 4፡5፡6 እጅግ የቀረበ ነው፤ የሦስቱ ድምፆች መስማማትም በአብዛኛው ከዚህ ቀላል ንጽጽር የመነጨ ነው። እነዚህን ድምፆች በአንድነት በመጫን ፈንታ ተራ በተራ ማሰማት ኮርዱን መበተን ይባላል። ከአበታተኖቹ ሁሉ የታወቀውና ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው፣ ከዚያ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ዳግም ወደ ከፍተኛው የሚሄደው አልቤርቲ ባስ ነው።

ስያሜው የተወሰደው በ1710 ገደማ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቬኒስ ተወልዶ በ1746 በሮም ከሞተው ከዶሜኒኮ አልቤርቲ ነው። አልቤርቲ ዘፋኝም የሃርፕሲኮርድ ተጫዋችም ነበር። የሃርፕሲኮርድ ሶናታዎቹ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1748 ሎንዶን ውስጥ ታትመዋል። ይህን አበታተን የፈለሰፈው እርሱ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም አዘውትረው ከተጠቀሙበት ቀደምት ሙዚቀኞች አንዱ በመሆኑ ስሙ ከዘዴው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ስሙን እንጂ ሥራዎቹን አይደለም።

የሚሞት ድምፅ

አልቤርቲ ይጫወትበት በነበረው በሃርፕሲኮርድ ላይ ቁልፍ ሲጫኑ ከወፍ ላባ ዘንግ የተሠራ አንድ ትንሽ ጫፍ አውታሩን ስቦ ይለቀዋል። ክራር ሲመታ ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አውታሩ ኃይል የሚያገኘው አንድ ጊዜ፣ ያውም በመነሻው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ኃይሉን ለእንጨቱና ለአየሩ እያስረከበ የሚደክምበት ነው። ቀስት የማያቋርጥ ኃይል ከሚሰጠው ከማሲንቆም ሆነ ከቫዮሊን የሚለየው በዚህ ነው። እንግዲህ ተጫዋቹ ኮርዱን በአንድ ጊዜ ጭኖ ቢይዘው በመጀመሪያው ቅጽበት ኃይለኛ ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው እየሳሳ ይሄድና ዜማው ከሥሩ መሠረት ያጣል። ኮርዱን ቢበትነው ግን በየቅጽበቱ አንድ አዲስ አውታር ይነሣል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ግለሰቦቹ ድምፆች ይሞታሉ፣ ኅብረቱ ግን ይኖራል።

ሃርፕሲኮርድ ሌላም ጠባይ አለው። ቁልፉን በርትተው ቢመቱትም በቀስታ ቢጫኑትም የድምፁ ጉልበት እምብዛም አይለወጥም። ስለሆነም በግራ እጅ ሦስት ድምፆች በአንድነት ቢጫኑና በቀኝ እጅ አንድ የዜማ ድምፅ ቢወጣ፣ አጃቢው ከዜማው ሦስት እጥፍ ያህል የድምፅ ኃይል ይኖረዋል ማለት ነው። ይህ በዴሲቤል ሲሰላ ወደ 5 ገደማ ይሆናል (10 በ3 ሎጋሪዝም ሲባዛ 4.8)። ተጫዋቹ ግራ እጁን በማለዘብ ሚዛኑን ሊያስተካክል አይችልም፤ መሣሪያው አይፈቅድለትምና። የተበተነው ኮርድ ግን በአንድ ጊዜ የሚያስነሣው አንድ አውታር ብቻ ነው። ጣት ሲነሣ ከሱፍ የተሠራው አፋኝ አውታሩ ላይ ስለሚያርፍ ያለፈው ድምፅ ተጠራቅሞ ዜማውን አይሸፍነውም። እንደ እኛ አስተያየት የዘዴው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፦ ኮርዱን ለማቆየት የተደረገው ነገር ራሱ ኮርዱን አለዘበው።

በፍሎረንስ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የሠራውና በ1700 በሜዲቺ ቤተ መንግሥት የዕቃዎች መዝገብ ላይ የተጠቀሰው መሣሪያ፣ ማለትም ፒያኖ፣ አውታሩን በመሳብ ፈንታ በመዶሻ ይመታዋል፤ የድምፁም ጉልበት በጣት ይገዛል። ይሁን እንጂ የመድከሙን ችግር አላስወገደውም። ጋብሪኤል ዋይንራይክ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ በ1977 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የፒያኖ ድምፅ የሚደክመው በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ቀጥሎ ደካማ የሆነ ቅሪት ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ለአብዛኛው የፒያኖ ድምፅ ሁለት ወይም ሦስት አውታሮች የተመደቡ ሲሆን እርስ በርስ ኃይል ስለሚለዋወጡ ነው ይህ የሚሆነው። ጆሮ በይበልጥ የሚያስተውለው ፈጣኑን የመጀመሪያ ውድቀት ስለሆነ የበተና ዘዴው ለፒያኖም አስፈላጊ ሆኖ ቀጠለ።

ጆሮ የማይወደው ቅርበት

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር እንለፍ። ዶ–ሚ–ሶልን በፒያኖው መካከል ላይ በአንድነት ስንጫን ጥርት ብሎ ይሰማል። እነዚያኑ ድምፆች በሁለት ኦክታቭ ዝቅ አድርገን ብንጫናቸው ግን ድፍርስና ሻካራ ድምፅ እንሰማለን። ንጽጽሩ ያው 4፡5፡6 ሆኖ ሳለ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው ልዩነቱ ነው። ከላይ በዶና በሚ መካከል የ68 ሄርዝ ልዩነት አለ። ከታች ግን ዶ 65.4፣ ሚ 82.4 ሄርዝ ስለሆኑ ልዩነቱ 17 ብቻ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች ሲገናኙ ሞገዶቻቸው አንድ ጊዜ እየተደጋገፉ፣ አንድ ጊዜ እየተጣፉ ድምፁን ያንቀጠቅጡታል፤ የመንቀጥቀጡም ፍጥነት ከልዩነታቸው ጋር እኩል ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1863 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ይህ መንቀጥቀጥ በሴኮንድ ወደ 30 ሲደርስ ወይም ጥቂት ሲያልፍ ጆሮን እጅግ እንደሚያሻክር አስረድቷል። ከታች ባለው ኮርድ ደግሞ የዶና የሚ ሁለተኛ ሃርሞኒኮች 131ና 165 ሄርዝ ናቸው፤ ልዩነታቸው 34! ነገሩ ሻካራ ቢሆን አያስደንቅም። በ1965 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ፕሎምፕና ሌቬልት እንዳመለከቱት የሻካራነቱ ምንጭ የውስጠኛው ጆሮ ስስ ገለፈት ተቀራራቢ ድምፆችን ለያይቶ ለማስተናገድ አቅሙ የተወሰነ መሆኑ ነው።

ተራ በተራ የሚሰሙ ድምፆች ግን ገለፈቱ ላይ በአንድ ጊዜ አይጋጩም። የተበተነ ኮርድ በዝቅተኛው ክፍል እንኳ ከተጫነው ኮርድ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

አራት አማራጮች

አበታተኑ ለምን ዶ–ሶል–ሚ–ሶል ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሦስት ድምፆች አሉን፤ ምቱ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለትና በአራት የሚከፈል ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ መደገም አለበት። በዝቅተኛው ድምፅ እንጀምር፣ ሦስቱም ይሰሙ፣ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይመታ፣ ቅርጹ ሲደጋገምም ይህ ሕግ ይጠበቅ ብንል የሚቀሩን አራት ብቻ ናቸው፦ ዶ–ሚ–ሶል–ሚ፣ ዶ–ሚ–ዶ–ሶል፣ ዶ–ሶል–ዶ–ሚ እና ዶ–ሶል–ሚ–ሶል። አንባብያን እርሳስ ይዘው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

መካከለኞቹ ሁለቱ ባሱን ደጋግመው ስለሚመቱ ከባድ ይሆናሉ። የመጀመሪያው እየወጣና እየወረደ ስለሚሄድ ራሱን የቻለ ትንሽ ዜማ መስሎ ከቀኝ እጅ ጋር ይፎካከራል። አራተኛው ግን ወደላይና ወደታች ስለሚመላለስ ጆሮ እንደ ዜማ አይከተለውም። ከዚህም በላይ በጠንካራዎቹ ቦታዎች ዶና ሚን፣ በደካማዎቹ ደግሞ ሶልን ያስቀምጣል። የዚህ ጥቅም በሞዛርት ሥራ ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ሞዛርት በጁን 26 ቀን 1788 በገዛ ሥራዎቹ መዝገብ ውስጥ «ለጀማሪዎች» ብሎ ያሰፈረው፣ በኬ. 545 ቁጥር የሚታወቀው የዶ ሜጀር ሶናታ በዚሁ አጀብ ይጀምራል። በመጀመሪያው ሜዠር (በኖታ ላይ በቋሚ መስመር የተለየው ክፍል) ግራ እጅ ዶ–ሶል–ሚ–ሶልን ሁለት ጊዜ ይላል። በሁለተኛው ሜዠር መጀመሪያ ላይ ሬ–ሶል–ፋ–ሶል ይሆንና ወዲያው ወደ ዶ–ሶል–ሚ–ሶል ይመለሳል። ልብ እንበል፦ ሶል ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ዶ ወደ ሬ፣ ሚ ወደ ፋ አንድ ደረጃ ወጥተው ተመለሱ። ስለዚህ በአንዲት እጅ ውስጥ ሦስት ሰዎች እንዳሉ ያህል ነው፤ ሁለቱ አብረው ይራመዳሉ፣ ሦስተኛው ባለበት ይጸናል። በተጨማሪም በመጀመሪያዎቹ አራት ሜዠሮች የግራ እጅ ድምፆች በሙሉ በ247ና በ440 ሄርዝ መካከል ናቸው። ሞዛርት ስለ ሄርዝ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ጆሮው ግን ሻካራውን ክልል ሸሽቷል።

የፍጥነት ጉዳይም አለ። ሶናታው በደቂቃ 132 ምት ቢጫወቱት ከአንዱ አጃቢ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 0.23 ሴኮንድ ያህል ነው። ብሬግማንና ካምቤል በ1971 ባቀረቡት ሙከራ ሦስት ከፍተኛና ሦስት ዝቅተኛ ድምፆችን እያፈራረቁ፣ ለእያንዳንዱ 0.1 ሴኮንድ ብቻ በመስጠት አሰምተው ነበር። አድማጮቹ አንድ ተከታታይ መስመር ሳይሆን ሁለት የተለያዩ መስመሮችን ሰሙ፤ የላይኛው ድምፅ ከታችኛው በፊት ይሁን በኋላ መለየት ተሳናቸው። የሞዛርት አጀብ ከዚህ የዘገየና ድምፆቹም ተቀራራቢ ስለሆኑ ነገሩ በመካከል ላይ ነው፤ ጆሮአችንን እንዳዘነበልነው አንድም መስመር፣ ሦስትም ድምፅ ሆኖ ሊሰማን ይችላል።

ዘዴው ተቃዋሚዎች እንዳሉት ሊሸሸግ አይገባም። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ የሰነፍ ደራሲ መደገፊያ እስከ መባል ደርሷል፤ ከኅብረቱ ምንም ለውጥ ሳይኖረው ገጽ ሙሉ ሲደጋገም ወቀሳው ተገቢ ነው። ጥፋቱ ግን የቅርጹ ሳይሆን የሚቀመጥበት ኅብረት ድህነት ነው። ለዚህ ማስረጃ ከአልቤርቲ ሶናታዎች ኅትመት በፊት በ1722 ባሕ ያዘጋጀው የዶ ሜጀር ፕሪሉድ ይበቃል። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ሜዠሮች በቀር ሙሉ ሥራው ባለአምስት ድምፅ ኮርዶችን በአንድ ቅርጽ ከመበተን በቀር ምንም የለውም፤ ዜማ የሚባል ነገር አይሰማም፤ ሆኖም አድማጭን ይዞ እስከ መጨረሻው ያደርሳል። ፈረንሳዊው ሻርል ጉኖ በ1853 በታተመው ሥራው በዚሁ ፕሪሉድ ላይ የራሱን ዜማ ደረበበት፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ዜማ የኖረው ሙዚቃም አጃቢ ሆነ።

አፋኞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ፔዳል ሲስፋፋ ዘዴው መልኩን ለወጠ። ቤትሆቨን በ1801 በደረሰው «የጨረቃ ብርሃን» በሚባለው ሶናታ የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ አፋኞቹ ተነሥተው እንዲጫወት አዟል። በዘመኑ ፒያኖዎች ድምፅ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ይህ ይቻል ነበር፤ በዛሬው ፒያኖ ቃል በቃል ቢፈጸም ኅብረቶቹ ይደበላለቃሉ፤ ስለዚህም ተጫዋቾች ፔዳሉን እየቀያየሩ ይጫወቱታል። ሾፐን በ1836 ባሳተመው የሬ ፍላት ኖክተርን ደግሞ የግራ እጅ የተበተነ ኮርድ ከአንድ ኦክታቭ በላይ ተዘርግቷል፤ ዝቅተኛውን ባስ ፔዳሉ ይዞለት እጁ ወደ ላይ ይጓዛል፣ የታችኛው ክፍልም ከመጨናነቅ ይድናል። (በአጋጣሚ ሁለቱም ሥራዎች ኦፐስ 27 ቁጥር 2 ሲሆኑ የተመሠረቱትም በአንድ ጥቁር ቁልፍ ላይ ነው።)

ኪቦርድ የሚያገኙ አንባብያን ነገሩን በራሳቸው ጆሮ ሊፈትሹት ይችላሉ። በፒያኖ ድምፅ ከታች ጀምረው ዶ–ሚ–ሶልን በአንድነት እየተጫኑ በየኦክታቩ ይውጡ፤ ሻካራነቱ የት ላይ እንደሚለቅ ያስተውሉ። ከዚያም የኦርጋን ድምፅ ይምረጡና ኮርዱን ጭነው ይያዙት። ድምፁ አይደክምም። አሁን በዚያው ድምፅ ዶ–ሶል–ሚ–ሶልን ይሞክሩ፤ ለፒያኖ ሕይወት የነበረው መመላለስ እዚህ ትርፍ እንቅስቃሴ ሆኖ ይሰማል።