ራሱን የሚመግበው ሞተርና የእቁቡ ብር

በሰፈራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛ መካኒክ አሉ። ባለፈው ክረምት የአሮጌ መኪና ዲናሞና አንድ ትንሽ ሞተር በቺንጋ አገናኝተው አሳዩኝ። ባትሪው ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞው ደግሞ ባትሪውን ይሞላል። «ከዚያ በኋላ ቆጣሪ አያስፈልግም» አሉኝ። አሥረኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ደብተሩ ላይ ይስላል። የፊዚክስ መምህሩ «አይሆንም» ቢሉትም ልጁ ያመነው አያቱን ነው። የተጨነቀችው እናቱ ናት፤ ጋሼ የደረሳቸውን የእቁብ ብር ለትልቅ ሞተር መግዣ ሊያውሉት አስበዋል።

እንዲህ ያለው ጭንቀት የቆየ ነው። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ በ1775 (እ.ኤ.አ.) ያለማቋረጥ ራሱን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ሠራሁ የሚሉ ሰዎችን ሥራ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ወሰነ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ከቀመር ጋር አይገናኝም፤ ይህ ፍለጋ ከአንድ በላይ ቤተሰብ አራቁቷል፣ ጎበዝ ባለሙያዎችም ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ጨርሰውበታል የሚል ነበር።

ጋሼ ግን «የተማሩት ለእኛ ለእጅ ባለሙያዎች በር ይዘጋሉ» ባይ ናቸው። ቅሬታቸው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ጉልበት ከምንም አይፈጠርም የሚለውን ሕግ ካጸኑት አንዱ ጄምስ ጁል ራሱ የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም፤ ማንችስተር አጠገብ የሚኖር የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። አነሳሱም የጋሼን ይመስላል፦ የጠመቃ ቤቱን የእንፋሎት ሞተር በኤሌክትሪክ ሞተር መተካት ያዋጣ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ለካ። በባትሪው ውስጥ የሚያልቀው ዚንክ ከድንጋይ ከሰል ይልቅ ውድ ሆኖ አገኘውና ተወው። በኋላም በ1840ዎቹ ክብደት እያወረደ በውኃ ውስጥ መቅዘፊያ አዞረ፤ ውኃው ምን ያህል እንደሞቀም በቴርሞሜትር ተከታተለ። ውጤቱ በዛሬው መለኪያ ሲነገር፣ አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ አንድ ኪሎ ዕቃ 427 ሜትር ያህል መውረድ አለበት። እሱንም መጀመሪያ ላይ ልብ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ስለዚህ ልጅም ሆነ አያት እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲያመጣ አትሳቁበት። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙትን ቴስተር ተዋሱ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቮልትና አምፔር ማባዛት፣ ከዲናሞው የሚወጣውንም እንዲሁ ማባዛት፣ ከዚያ ሁለቱን ማስተያየት ነው። የጎደለውን ሰበቃና የሽቦው ሙቀት ወስደውታል።

ጋሼ ቤትም ይህንኑ አደረግን። ልጁ አባዛ፣ ጻፈ። የወጣው የገባውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው «ቺንጋው ላልቶ ነው» አሉና አጠበቁት። እንደገና ሲለካ ትንሽ ተሻሻለ፤ የገባውን ግን አላህልም አለ። ሞተሩን በእጃቸው ዳሰሱና ልጁን «ና ንካው እስቲ፣ ይሞቃል» አሉት።

የእቁቡ ብር እስካሁን አልተነካም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቺንጋ እየቀያየሩ ይለካሉ።