ስንት ዓመት ይበቃል? የሥራ ዘመን ገደብ በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች

ዊሊ ብራውን ከ1980 መጨረሻ እስከ 1995 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) የካሊፎርኒያ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ። ማን በየትኛው ኮሚቴ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ረቂቅ ሕግ እንደሚያልፍና የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር በአብዛኛው የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በኅዳር 1990 ለተመራጮቹ የሥራ ዘመን ገደብ ሲያበጅ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው በእኚሁ አፈ ጉባኤ ላይ ነበር። ውሳኔው ለታችኛው ምክር ቤት 6፣ ለሴኔት 8 ዓመት ፈቀደ፤ የምክር ቤቱንም በጀት ቆረጠ።

ቀዳሚዋ ግን ካሊፎርኒያ አልነበረችም። ኦክላሆማ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ገደቡን አጽድቃለች፤ ኮሎራዶ ደግሞ ከካሊፎርኒያ ጋር በአንድ ቀን ወሰነች። እስከ 2000 ድረስ ገደቡን ያጸደቁት ግዛቶች በድምሩ 21 ደረሱ። መንገዱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ዜጎች ፊርማ ያሰባስባሉ፣ ጉዳዩ ለሕዝብ ውሳኔ ይቀርባል። ተመራጭ በራሱ ወንበር ላይ ገደብ ሲጥል እምብዛም አይታይምና፣ ለዜጎች ይህን መብት በማይሰጡ ግዛቶች እንቅስቃሴው ብዙም አልተራመደም።

አርካንሳስ ገደቡን ወደ ዋሽንግተን በምትልካቸው የኮንግረስ አባላት ላይም ለመጣል ሞክራ ነበር። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 በ5 ለ4 ድምፅ ከለከላት።

በግዛቶቹም ውስጥ ቢሆን ሁሉም አልጸናም። በማሳቹሴትስ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በኦሪገንና በዋዮሚንግ ፍርድ ቤቶች ሻሩት። በአይዳሆና በዩታ ግን በ2002 እና በ2003 የሻሩት ተመራጮቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ገደቡ የሚሠራባቸው ግዛቶች 16 ናቸው።

የነብራስካው ኤርኒ ቻምበርስ ታሪክ የሕጉን ጠባይ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከ1971 ጀምሮ የኦማሃን ጥቁር ሕዝብ ወክለው በግዛቲቱ ብቸኛ ምክር ቤት ሲሟገቱ የኖሩትን ቻምበርስን በ2009 ገደቡ አስወጣቸው። የነብራስካ ሕግ ሁለት የአራት ዓመት ዘመን ያገለገለ ሰው አራት ዓመት አርፎ እንዲመለስ ይፈቅዳል። እሳቸውም በ2013 ተመለሱ፤ ስምንት ዓመት አገልግለው በ2021 ለሁለተኛ ጊዜ ወጡ። መራጮቻቸው ሳይጠሏቸው ሁለት ጊዜ አጧቸው።

ገደቡ ያመጣው በጎ ነገር የለም ማለት አይቻልም። የካሊፎርኒያ የታችኛው ምክር ቤት በ1996 የመጀመሪያውን የላቲኖ አፈ ጉባኤ፣ ክሩዝ ቡስታማንቴን፣ የመረጠው ነባሮቹ ሲወጡ በተከፈተው ቦታ ነው። የሴቶች ቁጥር ግን በገደቡ ምክንያት ይጨምራል የተባለውን ያህል አልጨመረም።

ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው። ሚሺጋን በ1992 ለታችኛው ምክር ቤት ዕድሜ ልክ 6 ዓመት ብቻ ስትፈቅድ፣ በጀት ማንበብ ገና የለመደ ሰው የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከዚያም አፈ ጉባኤ ይሆን ጀመር። በዲትሮይቱ ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠኑት ማርጆሪ ሳርቦ ቶምሰን፣ አዳዲሶቹ ተመራጮች ለመረጃ በሎቢስቶች (ተከፍሏቸው ተመራጮችን በሚያግባቡ ሰዎች) ላይ ይበልጥ እንደሚደገፉና አስፈጻሚውን አካል የመቆጣጠር ሥራ እንደሚላላ አሳይተዋል። ሥልጣኑ ከነባር አፈ ጉባኤዎች እጅ ወጣ እንጂ ወደ መራጩ አልተመለሰም፤ አገረ ገዥውና ሕንፃውን የማይለቁት ሎቢስቶች ተቀራመቱት።

ለዚህ ነው ጥበቡ በዓመቱ ልክ ላይ ያለው። ካሊፎርኒያ በ2012 ሕጉን አሻሽላ በድምሩ 12 ዓመት አደረገችው፤ ተመራጩ ከፈለገ ሙሉውን በአንድ ምክር ቤት ይጨርሰዋል። በዚህም አንቶኒ ሬንደን ከ2016 እስከ 2023 አፈ ጉባኤ ሆነው ከብራውን ወዲህ ረጅሙን ጊዜ አገለገሉ። ሚሺጋንም በኅዳር 2022 ያንኑ 12 ዓመት ተቀበለች። በዚያው ዕለት ሰሜን ዳኮታ በተቃራኒው ለእያንዳንዱ ምክር ቤት 8 ዓመት የሚል አዲስ ገደብ አወጣች። ከሁለቱ የካሊፎርኒያና የሚሺጋን መንገድ ይሻላል፤ ሥራውን ለመማር ጊዜ ይሰጣል፣ ወንበሩንም ርስት አያደርገውም።

በሎስ አንጀለስ፣ በዴንቨር፣ በኮሎምበስና በላስ ቬጋስ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮች የሚኖሩት ገደቡ ባለባቸው ግዛቶች ነው። የማኅበረሰባቸውን ጉዳይ ይዘው ወደ ተወካያቸው ሲሄዱ፣ ስንት ዓመት እንደቀረውና ጉዳዩን ማን እንደሚረከበው አስቀድመው ይጠይቁ።