በጭላንጭል የሚኖሩት ዋቅላሚዎች

በጉርድ ሾላ የቀትር ፀሐይ ለቆመ አንባቢያችን፣ ከዚያ ብርሃን ከ50,000 አንዱ ብቻ የሚደርሳቸው ደቂቅ ዋቅላሚዎች ያድጋሉ ብንለው ያምነን ይሆን? በፖላርሽተርን መርከብ የተጓዙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በአርክቲክ በረዶ ሥር የለኩት ይህንኑ ነው፤ ውጤቱም በ2024 ታትሟል። ስሌቱን ስንሠራ ግን የገረመን ሌላ ነው፦ 10 በ10 ማይክሮሜትር በምትሰፋ ሕዋስ ላይ ያኔም በየሰከንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፎቶኖች ያርፋሉ። አብዛኞቹ ሳይያዙ ያልፋሉ እንጂ!

በቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ ጨለማውን ያመጣው በረዶ ሳይሆን የዋቅላሚዎቹ የራሳቸው ብዛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እርስ በርስ ስለሚጋረዱ ብርሃኑ 1 ሜትር እንኳ ሳይጠልቅ ያልቅ ነበር። በአርክቲክ ቅዝቃዜው ትንፈሳን ስለሚያዘገየው ጥቂት ስንቅ ይበቃል። በሞቃቱ ሐይቅ ግን ከሥር የቀረች ሕዋስ፣ ውኃው ተናውጦ ወደ ላይ ካላወጣት፣ ከምታመርተው ይልቅ የምታቃጥለው ይበልጣል።