ለከፍተኛ ትምህርት መዘጋጀት የሚጀመረው መቼ ነው?

ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲ ነገር የ12ኛ ክፍል ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ልጁ 9ኛንና 10ኛን እንደ ነገሩ አልፎ የመጨረሻው ዓመት ሲደርስ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያጠናል፤ ከዚያ ፎርም ይሞላል፤ በቃ። እኛ ሁለተኛ ደረጃን በቅርብ የጨረስን ሠልጣኞች ግን ዝግጅቱ እጅግ ቀደም ብሎ እንደሚጀመር፣ ከፊሉም በአንደኛ ደረጃ መምህር እጅ እንዳለ ለማስረዳት እንወዳለን።

በመጀመሪያ ፈተናውን እንመልከት። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠውን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,000 ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 5.4 ደረሰ። ኩረጃው ስለ ቀረ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የ9ኛ ክፍል አልጀብራ የጎደለው ልጅ በ12ኛ ክፍል ካልኩለስን በሦስት ወር ጥናት አይደርስበትም። 11ኛ ክፍል ሲገባም የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ይመርጣል። ጓደኛውን ተከትሎ ማኅበራዊ የገባ ልጅ ኋላ ሐኪም ልሁን ቢል መንገዱ ተዘግቷል። ስለዚህ ምክሩ 10ኛ ክፍል ሳያልቅ ሊደርሰው ይገባል።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ «ኃይለ ሚካኤል» በሁለት ቃል፣ በ12ኛ ክፍል «ኃይለሚካኤል» በአንድ ቃል ተጻፈ እንበል። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ሚካኤል የአባት ስም ሆኖ ቁጭ ይላል፤ እውነተኛው አባት አያት ይሆናል! ልጁ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲያመለክት ፓስፖርቱና ትራንስክሪፕቱ የሁለት ሰው ይመስላሉ። ለማሳረም ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ የማመልከቻው ቀን ያልፍበታል። ያንን ስም መጀመሪያ በመዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ማነው? አንደኛ ክፍል ላይ የምንመደበው እኛው አይደለንም ወይ?

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። «በፈረንጅ ስምንት ጨምርበት» የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 (የቀድሞው ዓመት ጳጉሜን 6 ከሆነች እስከ 21) የሚጨመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ዲሴምበር 11 ቀን 2007 ሲሆን፣ ጥር 20 የተወለደው ጃንዋሪ 29 ቀን 2008 ነው። ወላጅ ዓመቱን ብቻ ነግሮን ሊሄድ ሲል «ወሩስ፣ ቀኑስ?» ብለን መጠየቅ፣ የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ ካለም አስመጥተን ከዚያ ላይ መገልበጥ ነው።