መከተልና መከታተል

«ተከተለ» እና «ተከታተለ» የሚሉትን ሁለት ግሶች አስተያዩ። ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በሁለተኛው ግስ ውስጥ ግን መካከለኛው ፊደል በራብዕ ድምፁ «ታ» ተብሎ ተደግሟል። ድግግሞሹ ትርጉሙን ለውጦታል። መንገደኛ መሪውን ይከተላል፤ ሐኪም ግን የበሽተኛውን ሁኔታ ይከታተላል፤ ይኸውም ደጋግሞ ያያል፣ የትናንቱን ከዛሬው ያመዛዝናል፣ ለውጡን ይመዘግባል ማለት ነው። ከኋላ መሄድና እየመላለሱ ማስተዋል አንድ እንዳልሆኑ ቋንቋችን በአንዲት ፊደል ለይቶ አስቀምጦታል።

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት በሕይወት ውስጥ ለማየት የምትፈልጉ እንደ ሆነ፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር ጊዜ ከሜዳው ዳር የሚቆሙትን ወላጆች ተመልከቱ። እናንተ ተጫዋቾች ከሆናችሁ ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታችኋል፤ የሚታየው የእናንተ ጨዋታ ነውና።

ለምሳሌ ያህል በጀሞ የሚኖር አንድ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር እናስብ። ጀሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተስፋፋ በኋላ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት መንደር ነው። ነዋሪው ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለትና ጀሞ ሦስት እያለ ይለየዋል። ሾፌራችን ከዚያ ተነሥቶ በሳር ቤት በኩል ወደ ሜክሲኮ ይመላለሳል። መኪናው የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነች፣ ቢሠራም ባይሠራም ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ በትምህርት ቤቷ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ውስጥ ተከላካይ ናት። ግጥሚያው የሚደረገው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ታክሲ ሥራ የሚያገኝበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሜዳው ዳር ለሁለት ሰዓት ሲቆም ከኪሱ የሚወጣ ነገር አለ። ወላጆቻችሁ በግጥሚያችሁ ላይ ባለመገኘታቸው ከመቀየማችሁ በፊት ይህን ሂሳብ አስቡት።

አባት ከሜዳ ውጭ ቆሞ የልጁን ጨዋታ መመልከቱ በአገራችን የቆየ ልማድ አይደለም። አያቶቻችሁ ያደጉበትን የገና ጨዋታ ውሰዱ። ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩሯን እየመቱ መንደር ከመንደር ሲጋጠም፣ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም ነበር። ጎልማሳውም ጎረምሳውም በአንድ ወገን ተሰልፎ ይራወጣል፤ ጌታና ሎሌም በዚያን ቀን እኩል ይጋፋሉ። አባትየው የልጁን ጉብዝና የሚያየው አጠገቡ እየሮጠ፣ አንዳንዴም በዚያው ዱላ ቅልጥሙን እየተመታ ነበር። በዱላ የሚካሄድ የሌላ ሕዝብ ጨዋታም አለ። በሰሜን አሜሪካ የጥንት ነዋሪዎች ዘንድ የተጀመረውና ላክሮስ የሚባለው፣ ጫፉ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየተቀበሉ የሚወረውሩበት ጨዋታ ነው። ካናዳ በ1994 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የበጋ ስፖርቷ አድርጋዋለች፤ በ2028 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሊምፒክ እንዲመለስም ተወስኗል። እርሱም በጥንት ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው የሚሳተፍበት ነበር። ዛሬ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተወሰነ ቁጥር ይጫወቱታል፤ ወላጆቻቸውም ከመስመሩ ውጭ ቆመው ይመለከቷቸዋል። ጨዋታው መስመር፣ ዳኛና የተጫዋች ቁጥር ሲበጅለት አባት ወደ ውጭ ወጣ። የቀረለት ዐይኑና ድምፁ ብቻ ነው። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ ድምፅ ከዐይን ይቀድማልና።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ እናስብ። ልጅቱ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከላካይ መስመር ላይ ተሰልፋለች። የተጋጣሚው ቡድን ኳስ ይዞ ሲቀርብ፣ አራቱም ተከላካዮች በአንድነት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ። አባትየው ልጁ ግቧን ጥላ የሸሸች ይመስለዋል። «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ተመለሽ!» ብሎ ይጮኻል። የአባቷን ድምፅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትታዘዘው ኖራለችና ሳታስብ ትመለሳለች። በዚያችው ቅጽበት ኳሱ ይላካል፤ አጥቂዋ ብቻዋን ትገባለች፤ ግብ ይሆናል። አባትየውም «አላልኳችሁም?» እያለ አጠገቡ ወዳሉት ሰዎች ይዞራል።

ስሕተቱ የማን ነበር? መልሱን ለማግኘት ከእግር ኳስ 17 ሕጎች መካከል 11ኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጓደኛዋ ኳሱን በምትነካበት ቅጽበት አንዲት አጥቂ በተጋጣሚዋ ሜዳ ውስጥ ሆና ከኳሱም፣ ከመጨረሻዋ በፊት ካለችው የተጋጣሚ ተጫዋችም ይልቅ ለግቡ መስመር ቀርባ ከተገኘችና በጨዋታው ከተሳተፈች፣ ከጨዋታ ውጭ ናት። የመጨረሻዋ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ በረኛዋ ስለሆነች፣ ወሳኟ ከእርሷ ፊት ያለችው ተከላካይ ትሆናለች። ተከላካዮቹ በአንድነት ወደ ፊት የወጡት አጥቂዋን ከኋላቸው አስቀርተው ከጨዋታ ውጭ ለማድረግ ነበር። አንዷ ወደ ኋላ ስትመለስ ግን አጥቂዋ ነጻ ወጣች። የሦስቱ ልጆች ትክክለኛ እርምጃ በአንድ አባት ጩኸት ፈረሰ። ልጅቱ በአሰልጣኟና በአባቷ ድምፅ መካከል ቆማ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥም ግድ ሆኖባት ነበር።

እንዲህ ያለው አባት ልጁን አልወደደም አይባልም። እንዲያውም የቀን ገቢውን ትቶ መጥቷል። ነገር ግን ኳሱን ተከተለ እንጂ ጨዋታውን አልተከታተለም።

ከእርሱ በተቃራኒ ያለው ወላጅ ከሜዳው ጨርሶ የማይደርሰው ነው። ሩጫን ለልጁ የማይበጅ ነገር አድርጎ ያየው የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ አባት በዚህ ረገድ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ኃይሌ በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አካባቢ ተወልዶ በእርሻ ላይ ያደገ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር በሩጫ ይመላለስ የነበረ ልጅ ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ልጃቸው እንዲማር ወይም በእርሻው እንዲያግዛቸው ይሹ ስለነበር ሩጫውን ተቃውመዋል። ልጁ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ እንዳገኘ ስለምናውቅ ዛሬ በአባትየው ላይ መፍረድ ይቀለናል። በዚያን ጊዜ ግን በሬና ሞፈር በሚጠብቅ ቤት ውስጥ እግር ብቻ እንጀራ ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር? የጀሞው ሾፌርም የሚጨነቀው በዚሁ ጭንቀት ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ አባት ሊወቀስ የሚገባው በመስጋቱ ሳይሆን፣ የሚሰጋበትን ነገር ቀርቦ ሳያይ ሲቀር ነው።

ቀርቦ የሚያይ ወላጅ ከግብ ሌላ ብዙ ነገር ያገኛል። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አጥንቷ ገና በማደግ ላይ ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች ጅማቱ ከቅልጥም ጋር የሚጣበቅበት ስፍራ በዚህ ዕድሜ ለስላሳ ስለሆነ፣ ሩጫና ዝላይ ሲበዛ ጅማቱ ደጋግሞ እየጎተተው ያብጣል፣ ያማልም። አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል፤ ዕረፍት ካላገኘ ግን ይቆያል። ተጫዋች ቦታዋን እንዳታጣ ሕመሟን ትደብቃለች። አሰልጣኙ የሃያ ልጆች ጉልበት ይጠብቃል፤ የጋራ መኖሪያ ቤቱን ደረጃ ስትወጣ አንድ እግሯን እንደምትጎትት የሚያየው ግን አባቷ ነው። ጭንቅላቷን ተመትታ ብትደነግዝም በዚያን ቀን ወደ ጨዋታ መመለስ የለባትም። ውጤቱ ምንም ያህል ቢያጓጓ በዚህ ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም። እንቅልፍም አለ፤ በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። የመንፈቅ ፈተናና ግጥሚያ በአንድ ሳምንት ሲገናኙ አስቀድሞ የሚሰረቀው ይኸው እንቅልፍ ነው።

ወደ ሾፌራችን እንመለስ። ከዚያ ግጥሚያ በኋላ ልጅቱ እስከ ቤት ድረስ ዝም አለች። አባትየው በሦስተኛው ቀን «ለምን ነበር ወደ ፊት የወጣችሁት?» ብሎ ይጠይቃታል። ጥያቄው «ለምን ተሸነፋችሁ?» ከሚለው እጅግ ይለያል፤ ይኸኛው ፍርድ ነው፣ ያኛው ግን ማብራሪያ ይጠይቃል። ልጅቱ አራት ብርጭቆና አንድ የጨው ዕቃ በጠረጴዛው ላይ ደርድራ ታስረዳዋለች። ከዚያ ወዲያ ባሉት ግጥሚያዎች አፉን ይዞ መስመሩን ይመለከታል። አንዳንድ ቅዳሜ መምጣት አይችልም፤ ማታ ግን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆዎቹ ይደረደራሉ።

በመጨረሻው ግጥሚያ ጉልበቷ ስላበጠ ልጅቱ ማሊያዋን ሳትለብስ ከሜዳው ዳር ተቀምጣለች። አባትየው እርሷ እንደማትጫወት እያወቀ መኪናውን አቁሞ መጥቷል። የተጋጣሚው አጥቂ ሽቅብ ስትሮጥ ልጅቱ ክንዱን ያዝ አድርጋ «አሁን» ትለዋለች። አራቱ ተከላካዮች በአንድነት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ያነሣል።